ወግ አጥባቂዎቹ የምናወጋበት ቦታ አጣን

በከተማችን የባህል ጉዳይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ስለተወሰደብን የንባብ ክፍልና አብረው ስለመጡ ነገሮች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። እኛ ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን መጽሐፍ የምናነብና ባነበብነው ላይ የምንከራከር የከተማችሁ ነዋሪዎች ነን። አሥራ አራት ነን። የምንበዛው ጡረታ የወጣን መምህራን ነን። ጎንጅ ቅኔ የተማሩ አንድ መሪጌታ አሉን። አንድ ልብስ ሰፊ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሉ። ከዘጌ በጀልባ ቡና እያመጡ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉን፤ እማማ ነው የምንላቸው። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። በክርክር ግን እስካሁን የረታቸው የለም። እንዲህ ስንቀመጥ ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ጊዜው እንደምታውቁት ነው፤ ማምሸት ስለማይቻል ነው ቀን ያደረግነው።

እንዲህ ባለ ደብዳቤ መጀመሪያ ላይ ስለ መሥሪያ ቤቱ ትጋት ሁለት መስመር ማመስገን የተለመደ ነው። ዛሬ እንለፈው።

ነገሩ ሐምሌ ላይ ጀመረ። ረቡዕ ዕለት በንባብ ክፍላችን በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ክፍሉ “የወጣቶች የዲጂታል ይዘት ማምረቻ” ሊሆን ስለሆነ ንብረት ያለው በሦስት ቀን ውስጥ ያንሳ ይላል። ማኅተሙ ግማሹ ብቻ ነው ያረፈው። ከዚያ በፊት የጠራን የለም፤ የጠየቀንም የለም። ሦስቱ ቀን ሳይሞላ፣ አርብ ስንሄድ፣ መጽሐፎቻችን በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው ኮሪደር ላይ ተደርድረዋል። ኮሪደሩ ደግሞ ያፈሳል። ክረምት ነው።

የመሪጌታ የግዕዝ ሰዋስው መጽሐፍ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ ነበር። ልብስ ሰፊው ወዳጃችን ሱቁ ወሰደው። ካውያውን ለብ አድርጎ፣ በመሐል ነጠላ እያለበሰ፣ ገጾቹን አንድ በአንድ ሲያላቅቅ ዋለ። መሪጌታ አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ አንድ ቅጠል በተላቀቀ ቁጥር “እሰይ” ይላሉ። ወደ ማታ ላይ መሐል ያሉት አንድ ሃያ ገጾች አንላቀቅም አሉ። እስካሁንም እንደተጣበቁ ናቸው። መሪጌታ ግን እነዚያን ገጾች በቃላቸው ስለሚያውቁ ብዙም አልተጨነቁም። የተጨነቅነው በቃላችን የማናውቀው ነን።

ይህ የመጀመሪያው ቅሬታችን ነው። እዚህ ላይ ብንቆም በቂ ነበር። ነገር ግን ቅሬታ ይዘን ቢሮ ስንሄድ የሆነው ነገር ነው ይህን ደብዳቤ ያስረዘመው።

አንድ ወጣት ባለሙያ በትሕትና ተቀበለን። ወንበር ሰጠን፤ ውሃም አቀረበልን። ጨርሰን ስንነግረው ፈገግ ብሎ፣ “አባቶች፣ እናንተ ወግ አጥባቂ ስለሆናችሁ ነው እንጂ ዘመኑ እኮ ሄዷል” አለን። ከወዲያ ጥግ የተቀመጠው ባልደረባው፣ “ድሮ ቢሆን አድኃሪ ይባሉ ነበር” ብሎ ጨመረበት። ተሳሳቁ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልጁ ያን ቃል የሰማው ከፊልም ወይም ከአባቱ ጨዋታ ይሆናል። እኔ ግን በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ወጣት ነበርኩ። ያኔ አድኃሪ የተባለ ሰው ቤት፣ ጠዋት እናቱ ሬሳ ፍለጋ ነበር የምትወጣው። ስለዚህ አልሳቅኩም። እባካችሁ ያን ቃል በቀልድም ቢሆን ከቢሮ አስወጡት።

“ወግ አጥባቂ” የሚለውን ግን እንቀበላለን። ደስም ይለናል። ወግ በአማርኛችን ሁለት ነገር ነው። ሥርዓት፣ ልማድ፣ የአባት የእናት ደንብ ወግ ይባላል። ቡና ላይ የሚወራው ጨዋታም ወግ ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል የተጠሩበትን ምክንያት የቋንቋ ሰዎች ይንገሩን፤ እኔ ግን ትክክል ይመስለኛል። ልማድ በመዝገብ ቤት አይጠበቅም። ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ ሲያወጋው ነው የሚቆየው። ወንበሩን ከወሰዳችሁብን ወጉንም ወስዳችሁታል ማለት ነው።

እኔ ወግ አጥባቂ ሆኜ አልተወለድኩም። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወደ 60,000 የምንጠጋ ተማሪና መምህር በየገጠሩ ተበተንን። “መሬት ላራሹ” ብዬ ጮኼአለሁ፤ በዚያ ዛሬም አልጸጸትም፤ ጭሰኛው ያረሰውን ለሌላ እየሰፈረ መኖር አልነበረበትም። የምጸጸተው በሌላ ነው። የደረስኩበት መንደር መሐል አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። ሽማግሌዎች ከሥሩ ተቀምጠው የተጣላ ያስታርቃሉ። እኛ ደግሞ ገበሬ ማኅበር ልናቋቁም ነው፤ የፍርድ ሸንጎም ይኖረዋል። ታዲያ የዋርካው ፍርድ የፊውዳል ቅሪት ነው ብለን ዛፉ ይቆረጥ አልን። ለስብሰባ አዳራሹም እንጨት ይሆናል። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡና፣ “ቁረጠው ልጄ፤ መጥረቢያውም ያውልህ። ብቻ ስንጣላ የት እንቀመጥ?” አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ስለ መደብ ትግል ሦስት ሰዓት መናገር እችላለሁ። ይህቺን ግን አልቻልኩም። ዛፉ በዚያ ሰሞን አልተቆረጠም። በኋላ ምን እንደሆነ አላየሁም። ጥያቄው ግን አብሮኝ መጣ። ፍልስፍና የማስተምርባቸው ዓመታት ሁሉ የዚያ ጥያቄ ሐተታ ነበሩ ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የምናነባቸው ሰዎችም አንዳንዶቹ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ አገር የጠየቁ ናቸው። ኤድመንድ በርክ አየርላንድ ተወልዶ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበረ ሰው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1790 ስለ ፈረንሳይ አብዮት ሲጽፍ፣ ማኅበረሰብ ዛሬ በሕይወት ባሉት ሰዎች መካከል ብቻ ያለ ውል አይደለም አለ። ከሞቱትና ገና ካልተወለዱትም ጋር ነው ውሉ። ሰውየው የገዢዎች ጠበቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ቅኝ ተገዢዎች ቅሬታ ይሰማ ብሎ ተሟግቷል። በሕንድ ግፍ ፈጽሟል የተባለውን የእንግሊዝ ሹም፣ ዋረን ሄስቲንግስን፣ ፓርላማ ፊት ለዓመታት ከስሷል። ወግ አጥባቂ ማለት ለባለሥልጣን የሚያጎበድድ ማለት እንዳልሆነ ለማስረዳት ነው ይህን ያመጣሁት። እኛም ይኸው እየከሰስናችሁ ነው።

በርክን ያነበብን ቅዳሜ፣ አንዱ ተማሪያችን “ሙታን እንዴት ውል ይገባሉ?” ብሎ ተነሣ። መሪጌታ፣ “ዳጋ እስጢፋኖስ ሄደህ እነ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን፣ እነ ዐፄ ፋሲልን ጠይቅ” አሉት። የነገሥታቱ ዐፅም እዚያው ሐይቁ መሐል ነው ያለው። ሳቅን።

ሌላ ቀን ደግሞ ቼስተርተን የሚባል እንግሊዛዊ ደራሲ በ1929 የጻፈውን ሐሳብ አነበብን። መንገድ ላይ አጥር ካገኘህ፣ ለምን እንደታጠረ ሳታውቅ አታፍርሰው፤ ምክንያቱን ካወቅክ በኋላ ምናልባት ታፈርሰው ይሆናል ይላል ባጭሩ። እማማ ጨዋታውን ሲሰሙ ቆይተው፣ “ይሄማ የእኛ አገር ነው” አሉ። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ከብት ማርባት ነውር ነው። ደንቡ ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን የወረደ ነው ይባላል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው “አቡኑ በግዝት አስረውናላ” ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለውም። ዙሪያው ግን ሲመነጠር የዘጌ ጫካ ቆመ። ቡናው ከጥላው ሥር ይለቀማል። ስለ ደን ጥቅም ሥልጠና የሰጣቸው የለም፤ አበል የተቀበለም የለም።

ወደ ቅሬታችን ልመለስ።

ባለፈው በከተማው በተዘጋጀው ፌስቲቫል መሪጌታ ቅኔ እንዲያቀርቡ ተጋበዙ። ደስ አላቸው። ለሳምንት ያህል ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ነው የከረመው። አዲስ ቅኔ ነው የሚቀኘው፤ የሰውን መድገም ነውር ነው። መድረኩ ጋ ሲደርሱ አንድ ልጅ ሰዓቱን እያየ፣ “አባ፣ ሁለት ደቂቃ ናት ያለቻችሁ” አላቸው። መወድስ ይዘው ነበር፤ ስምንት ቤት ነው። እዚያው ቆመው ትተውት በጉባኤ ቃና፣ በሁለት ቤት፣ ተገላገሉ። ሕዝቡ ገና “ምን አሉ?” እያለ፣ አንድ ሁለት ደብተራዎች “ይበል!” እያሉ፣ የመድረኩ መሪ ማይኩን ነጥቆ “ትርጉሙን ባጭሩ?” አለ። ከዚያ ዲጄው ለቀቀው።

አንጥረኛ ወርቅ ሲሠራ መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል። ሰሙ ቀልጦ ሲወጣለት በቦታው ወርቅ ያፈስበታል። የቅኔው ሰምና ወርቅ ከዚያ የመጣ አነጋገር ነው። መሪጌታ በበነጋው፣ “እነዚህ ልጆች ወርቁን ሳያነጥሩ ሰሙን አቀለጡት” አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ቅሬታ እኔ መጻፍ አልችልም።

ዘፈን ጠልተን አይደለም። እኔ ራሴ በካሴት ዘመን ጫማዬ እስኪያልቅ የጨፈርኩ ነኝ፤ ምስክሮች አሉ። የልጅ ልጄም በገና መደርደር የጀመረችው ከቲክቶክ ላይ አይታ ነው። አሥሩን አውታር ማስተካከል ግን ከስልክ ስላልቻለች አሁን አስተማሪ ጋ ትሄዳለች። ይህን የምጽፈው ለናንተ ክርክር የሚጠቅም ቢሆንም እውነት ስለሆነ ነው።

የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው። አዝማሪ ቤት ታውቃላችሁ። አንዱ ጠጪ ብድግ ይልና “ተቀበል!” ይላል። ግጥም ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዞረዋል። ነገረኛ ግጥም ከሆነ ሹሙም ይነካል፣ ባለጠጋውም ይነካል፤ ሁሉም ይስቃል። ሰሚው ነው ዘፋኙን “ተቀበል” የሚለው። አሁን ድምፅ ማጉያው እኛን “ተቀበል” ይለናል። ስክሪኑም እንደዚያው። መልሰን የምንሰጠው ነገር የለም፤ ልብ ምልክት መንካት ካልሆነ። ሕዝባዊ ባህል ሲባል ሕዝቡ የሚሠራው ነበር፤ አሁን ለሕዝቡ የሚቀርብ ሆኗል። ፖለቲካችንም እንደዚያው ነው የሆነው። ለስብሰባ እንጠራለን፤ ተቀብለን እንመለሳለን።

በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ነበረ። ልጆቹ ጥሩ ይዘፍኑ ነበር፤ የሚዘፈነው ግን ከላይ ነው የሚመጣው። በኢሕአዴግ ጊዜ በየዓመቱ ኅዳር 29 ልብስ ለብሶ መድረክ መውጣት መጣ። አሁን ደግሞ ኮንቴንት። መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ባህል አዲስ ዩኒፎርም ይሰፋለታል። ልብስ ሰፊው ወዳጃችን በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ “ሥራ ነው፣ አትንካብኝ” ብሏል፤ ቃሉን አስገብቼለታለሁ።

አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ። ከእኛ ጋር አልፎ አልፎ የሚቀመጥ ታንኳ ሠሪ አለ። ደንገሉን ከሐይቁ ዳር አጭዶ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ነው የሚሠራው። “ለከተማ ገጽታ አይመችም” ተብሎ ከሚያሰጣበት ዳርቻ ተነሣ። ሁለት ጊዜ ያሰጣውን በመኪና ጫኑበት። ከዚያ ቦታ ብዙም ሳይርቅ አንድ መዝናኛ በር ላይ ከሲሚንቶ የተሠራ፣ ቢጫ የተቀባ ታንኳ ቆሟል። ሰው ፎቶ ይነሣበታል።

የግሪክ ፈላስፎች የሚከራከሩበት አንድ የታወቀ መርከብ አለ፤ የቴሴዎስ መርከብ ይባላል። አቴናውያን እንጨቱ በበሰበሰ ቁጥር እየቀየሩ አቆዩት። ሁሉም እንጨት ከተቀየረ በኋላ ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ? ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ተማሪ ያዛጋል። ታንኳ ሠሪው ግን በቅጽበት ገባው። የእሱ ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ጥቂት ወር ቢያገለግል ነው። ከዚያ አዲስ ይታሰራል። ጣና ላይ የድሮ ታንኳ የሚባል ነገር የለም። ግን ታንኳው የአያቱ ታንኳ ነው። “እጄ ነው እንጂ ደንገሉማ በየጊዜው ነው” አለን። የሲሚንቶው ታንኳ መቼም አይበሰብስም። ማንም እንዲያስር ግን አያስተምርም።

እዚህ ላይ እምቦጭን ላነሣ ነበር። ግን አሁን በዚህ ከተማ ሰው ያልወደደውን ሁሉ እምቦጭ ስለሚል ትቼዋለሁ።

አዲስ ነገር አይምጣ እንደማንል ለማስረዳት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ነው የሚታወቁት። ሲነገር እንደምንሰማው ግን ጣና ዳር የደንገሉን መወዛወዝ፣ ማዕበሉ ሲያጎነብሰውና ሲያቃናው አይተው ነው አዲስ አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያን የዝማሬና የሽብሸባ ስልት፣ ያወጡት። ጎንደር ያሉት ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ የተክሌ አቋቋም ተብሎ ዛሬም ይቆማል። አለቃ ይህን ያመጡት ነባሩን አቋቋም ጠንቅቀው ካወቁ በኋላ ነው። ደግሞም ደንገሉ ያኔ በሐይቁ ዳር ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ክፍሉን ሙሉ በሙሉ መልሱልን አንልም። ወጣቶቹም ይሥሩበት፤ ካሜራቸውን አንነካም። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ግን ለእኛ ይለቀቅ። በዚያ ሰዓት የሚቀረጽ ነገር ካላቸው እኛን ይቅረጹን፤ መሪጌታ ፈቅደዋል፣ እማማ ግን ያስከፍላሉ።

መጽሐፎቻችን ከማዳበሪያው ወጥተው ደረቅ ቦታ ይቀመጡ። ይህ የሚጠይቀው አንድ መደርደሪያና አንድ ሰው ነው። መደርደሪያውን እኛ እናሠራለን።

በሚቀጥለው ፌስቲቫል ቅኔ የሚቀርብ ከሆነ ጊዜው ከባለ ቅኔው ጋር ይወሰን። እዚያው መድረክ ላይ ትርጉም አይጠየቅ። ሰው ያልገባውን ይዞ ቤቱ ይሂድ፤ ጎረቤቱን ይጠይቅ።

ለታንኳ ሠሪዎች ደንገል የሚያሰጡበት፣ ሃያ እርምጃ የሚሆን እንኳ፣ የዳርቻ ቦታ ይከለልላቸው። የተወሰደበትም ደንገል ይተመንና ይከፈለው።

ክፍሉ የተወሰደበት ውሳኔ በማን፣ መቼና በምን ምክንያት እንደተሰጠ ሙሉ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ይገለጽልን።

መልስ እስክትሰጡን ድረስ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ሐይቁ ዳር ከዘንባባዎቹ ሥር እንገኛለን። ወንበር ስለሌለን ድንጋይ ላይ ነን። ዝናብ ከመጣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቡና ቤት በረንዳ ላይ ፈልጉን፤ ባለቤቱ እስካሁን አላባረረንም። በዚህ ቅዳሜ የሚነበበው ከመሪጌታ መጽሐፍ የዳነው ክፍል ነው።

ከአክብሮት ጋር

ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰቡትን አንባቢዎች በመወከል፣
ጡረተኛ የፍልስፍና መምህር

ግልባጭ፦
ለመሪጌታችን
ለዲጂታል ይዘት ማምረቻው ወጣቶች
በራችን ላይ ለመለጠፍ